መሬቱ ደረቅ ነበር

«ሸራውን ግለጠው» አለኝ አባዬ አንድ ቀን ጠዋት።

የጋራዣችን ጥግ ላይ ሸራ ለብሶ አሥራ አንድ ዓመት የቆመ አሮጌ ሞተር ሳይክል አለ። እኔ በዚያ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግኩት። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ብሎን መፍታት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ ያንን ሸራ ግን ነክቼው አላውቅም። እማዬ በየጊዜው «ይሄን ሬሳ መቼ ነው ከቤቴ የምታወጡልኝ?» ትላለች። አባዬ ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል።

«አስነሣው» አለ። «ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ ሲሄድ ልየው።»

የአባዬን ዓይን ጭጋግ ከያዘው ሁለት ዓመት አልፎታል። ብርሃንና ጥላ ይለያል እንጂ መልክ አይለይም። ሥራውን የምሠራው እኔ ነኝ፤ እሱ በሩ አጠገብ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ይቀመጥና ያዳምጣል። ከጆሮው ጀርባ ሁልጊዜ አንድ የክብሪት እንጨት አለ። በክብሪት እንጨት የማይሠራው ነገር የለም። ጥርሱን ይጎረጉርበታል፣ ቅባት ይቀባበታል፣ የላላ የበር ብሎን ያጠብቅበታል፣ የተቀደደ ቱቦ ይደፍንበታል። ጆሮው ደግሞ ጉድ ነው። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሞተር ሰምቶ «የዚህ ሰውዬ ሰንሰለት ልቅ ነው» ይላል፤ ሰውዬው በሳምንቱ ሰንሰለቱን አንጠልጥሎ ይመጣል።

ያ ሞተር ሳይክል የቤታችን ቁስል ነው። አጎቴ፣ የእማዬ ብቸኛ ወንድም፣ ከእኛ ሁለት መንገድ ወዲያ የፀጉር ቤት አለው። ድሮ ከአባዬ ጋር አንድ ነፍስ ነበሩ ይባላል፤ ሞተር ሳይክሉንም እንደ ራሱ ንብረት ይነዳው ነበር። አንድ ቀን ታላቅ ወንድሜን ከኋላ አፈናጥጦ ረጅሙን ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ነክሶ፣ ብረት ከብረት ተጣብቆ፣ ቀጥ አለ። የኋላው ጎማ ታሰረ፤ ሁለቱም አስፋልት ላይ ተነጠፉ። አጎቴ የትከሻ አጥንቱ ተሰብሮ ዳነ። የወንድሜ የቀኝ ጉልበት ግን እስከ ዛሬ አይታጠፍም። አሁን ሌላ ከተማ ቢሮ ውስጥ ይሠራል፤ እግሩን ከጠረጴዛው ሥር ዘርግቶ ነው የሚቀመጠው።

ከአደጋው በኋላ ራዲያተሩ ሲከፈት ጠብታ ውሃ አልነበረውም።

«ውሃ አይተህ ነበር?» አለችው እማዬ አጎቴን።

«መሬቱ ደረቅ ነበር» አላት። «በየጠዋቱ ሥሩን አያለሁ። ውሃ ቢፈስ ኖሮ አየው ነበር፤ መሬቱ ደረቅ ነበር።» ሰው ሁሉ ሲጠራጠረው ጊዜ በወንድሜ ማለ።

አባዬን ጠየቁት። «ማንም ሰው ውሃ ማየት ያውቃል» አለ።

እማዬ ስለዚያ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያወራችኝ። «የልጁን ጉልበት ይቅር እለው ነበር፤ ሰው ይዘነጋል» አለችኝ። «ዋሽቶ በልጄ መማሉን ግን እንዴት አድርጌ ልርሳለት?» ከዚያ ወዲህ አጎቴ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። እኔም ፀጉሬን ለመቆረጥ የእሱን ሱቅ አልፌ ገበያ ድረስ እሄዳለሁ። በማዶ በኩል አንገቴን ደፍቼ ሳልፍ ከውስጥ «ማርሚታ! ያንን ራስህን በምን አጨዱት፣ በማጭድ ነው?» ብሎ ይጮኽብኛል። ማርሚታ የሞተርን ድምፅ የሚያፍነው የጭስ ቱቦ ነው። ልጅ ሆኜ ድምፄ አልሰማ ሲለው ያወጣልኝ ስም ነው። መልሼለት አላውቅም። መልስ የማገኘው ሁልጊዜ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

እንግዲህ ያንን ሞተር ነው ክፈተው የተባልኩት።

ሦስት ወር ሠራሁበት። አሮጌውን ዘይት ስቀዳ እንደ ጭቃ ሆኖ ወጣ። ለአባዬ ስነግረው «አሥራ አንድ ዓመት የቆመ ነገር እርጥበት ይስባል» አለኝ። ፒስተኑን ከነሲሊንደሩ ቀየርኩ፣ ካርቡራተሩን አጠብኩ፣ የፍሬኑን ጎማ ሁሉ አዲስ አደረግኩ። የውሃ ፓምፑ ጋ ስደርስ ግን አባዬ ከሳጥኑ ላይ ሆኖ «እሱን ተወው፤ እኔ የሠራሁት ነው፤ ደህና ነው» አለ። ተውኩት። አባቴ ደህና ነው ካለ ደህና ነው።

ሞተሩ በተነሣ ዕለት አባዬ እጁን የነዳጅ ታንከሩ ላይ አድርጎ እንደ ልጅ ሳቀ። ሳቁ ግን ከግማሽ ሰዓት አላለፈም። መጀመሪያ ዘይት መጣ። ከሞተሩ ሆድ ሥር ወፍራም ጠብታ እየተንጠለጠለ ይወድቃል። የታችኛውን ክዳን ፈትቼ አዲስ የማሸጊያ ጋስኬት አስገባሁ። በማግስቱ ያው ነው።

«የታች ጋስኬት ቀየርክ?» አለ አባዬ።

«አዎ።»

«አፍንጫው ለደማ ሰው አገጩን አሰርክለታ!» ብሎ ሳቀብኝ። «ስንቴ ልንገርህ? ጠብታውን አትመን። ጠብታው የወደቀበት ቦታ የተነሣበት አይደለም። መንገዱን ተከተለው።»

ሞተሩን በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ የሕፃን ፓውደር ነሰነስኩበት። አሮጌው ብረት የተላጨ ፊት መሰለ። ከዚያ አስነሥቼ ቁጢጥ ብዬ ጠበቅኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከላይ፣ ከሞተሩ ራስ ክዳን ጥግ፣ እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር መስመር ነጩን ዱቄት እየበላ ወረደ። በሞተሩ የብረት ክንፎች መሃል ተሹለክልኮ፣ ሆዱን ዞሮ፣ እኔ የለፋሁበት ቦታ ላይ ሲደርስ ጠብታ ሆነ። የላይኛው ክዳን ጎማ በእርጅና ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ሆኗል። እሱን ቀየርኩ፤ ዘይቱ ቆመ።

ውሃው ግን ሌላ ጉድ ነበር። ራዲያተሩን እስከ አፉ እሞላለሁ፤ ትንሽ ነድቼው ሲቀዘቅዝ ስከፍት አንድ ጣት ጎድሏል። ደግሞ እሞላለሁ፤ ደግሞ ይጎድላል። ቱቦዎቹን በጨርቅ ዳሰስኩ፣ ደረቅ ናቸው። ካርቶን ሥሩ አንጥፌ አደርኩ፤ ካርቶኑ ላይ ጠብታ የለም። ከጭስ ማውጫው የሚወጣ ነጭ እንፋሎት የለም።

«ውሃው ይጎድላል፤ መሬቱ ግን ደረቅ ነው» አልኩት አባዬን።

የተናገርኩትን የሰማሁት ከተናገርኩ በኋላ ነው። አባዬ የክብሪት እንጨቱን ከጆሮው ጀርባ አውርዶ በጣቶቹ መሃል ያሽከረክር ጀመር።

ማክሰኞ ዕለት የዘይቱን ደረጃ የምናይባትን ትንሽ መስታወት በባትሪ ሳበራባት ዘይቱ ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል። ውሃው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ ነበር የሚፈሰው። እንዲህ ያለ ዘይት ብረት ከብረት አያለያይም፤ ሞተር እየበላ ይቆይና አንድ ቀን ይነክሳል።

አባዬን ሳላስፈቅድ ፓምፑን ፈታሁት። ፓምፑ ውስጥ ሁለት የጎማ ቀለበት አለ፤ አንዱ ውሃውን ይይዛል፣ አንዱ ዘይቱን ይይዛል። በሁለቱ መሃል ወደ ታች የምትወጣ፣ የስንዴ ፍሬ የማታሳልፍ ቀዳዳ አለች። ይህችን ቀዳዳ የሠራት ፋብሪካው ነው። የውሃው ቀለበት ሲያረጅ ውሃው በእሷ በኩል ጠብ ጠብ እያለ ባለቤቱን ያስጠነቅቃል፤ መውጫ ካጣ ግን የዘይቱን ቀለበት ገፍቶ ወደ ሞተሩ ይገባል። ወሬ ነጋሪ ናት። ከሌሎች ሞተሮች አውቃታለሁ። በዚህኛው ላይ ስፈልጋት ግን የለችም። በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ ሳደርግ ቀይ ማስቲሽ ተላጠ። በቀጭን ሽቦ ገፋሁት፤ ተፈናጥሮ መዳፌ ላይ ወደቀ። በቀይ ማስቲሽ የተነከረ፣ ጫፉ በምላጭ የተቀረጸ የክብሪት እንጨት ነበር።

አሁን እኛ ጋራዥ ውስጥ የምንጠቀመው ግራጫ ማስቲሽ ነው። ቀይ ማስቲሽ መደርደሪያው ላይ አንድ የደረቀ ቆርቆሮ አለ፤ ልጥለው ባልኩ ቁጥር አባዬ «ይቀመጥ» ይላል።

«አባዬ» አልኩ። «የፓምፑ ቀዳዳ ተደፍኖ ነበር።»

በምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ማን እንደደፈነውም አልጠየቀኝም።

«በሩን መለስ አድርገው» አለ።

መለስኩት። ከዚያ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ጀመረ።

«ያኔ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ፈትቼ አላውቅም ነበር። በየጠዋቱ ሥሩ ሁለት ሦስት ጠብታ ይገኛል። አጎትህ ደንበኛ እስኪሰበሰብ ይጠብቅና ‹የመካኒክ ሞተር ያንጠባጥባል፣ የፀጉር አስተካካይ ልጅ ይጎፍራል› እያለ ያስቃል። ቀልዱ ነው፤ ክፋት የለውም። አንድ ቀን ግን ቆሽቴ አረረ። ደፈንኩት። ጠብታው ቆመ። ጠርቼ አሳየሁት። ‹አሁን በየጠዋቱ ሥሩን እያየህ ውጣ፤ መሬቱ ደረቅ ከሆነ ውሃው አለ ማለት ነው› አልኩት።»

«አንተ ነህ ያልከው?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ከአደጋው ሁለት ዓመት በኋላ። አንድ ደንበኛ ተመሳሳዩን ይዞ መጣ። ስፈታው ቀዳዳዋን አየኋት።» ድምፁ ወረደ። «ለእናትህ ምን ልበላት? የልጅሽን ጉልበት የሰበርኩት እኔ ነኝ ልበላት? ነገ ነገ ስል ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ።»

ታዲያ ለምን ክፈተው አልከኝ ብዬ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። እስከ ዛሬም አልጠየቅኩትም።

«አዲስ ቀለበት ዛሬ እዘዝ፤ ቅዳሜ ይደርሳል» አለ። «ታስገባዋለህ፤ ቀዳዳውን ክፍት ትተወዋለህ። አይጎድልም፣ አያንጠባጥብም። ሥራው እንደ ሥራ ትክክል ነው። ማንንም አልዋሸንም።»

እውነቱን ነው። ሥራው እንደ ሥራ ትክክል ነው። የሚያስፈራኝም ይኸው ነበር። አዲሱ ቀለበት ከገባ በኋላ የሚታይ ነገር አይኖርም። ቃል ብቻ ይቀራል፤ ቃል ደግሞ እኔ ጋ የለም።

ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ የሆነውን አላስረዝምም። ዘይቱን ቀየርኩ፤ ፓምፑን ከነአሮጌው ቀለበት፣ ቀዳዳውን ከፍቼ መለስኩት። ለሙከራ ነው አልኩ። ሥሩ ቆርቆሮ ትሪ አስቀመጥኩ። ጠብ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠብ። እማዬ ምሳ ስታቀርብ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። «ምን ሆነሃል? ትኩሳት አለህ?» ብላ ግንባሬን ዳሰሰችው። «የለኝም» አልኩ። አባዬ ምግቡን ትቶ ውሃ ጠጣ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቀለበቱ ደረሰ። ትንሽ ጥቁር ነገር ናት፣ በላስቲክ የታሸገች። ተቀበልኩና ኪሴ ከተትኳት። በሌላው ኪሴ ቀዩ እንጨት አለ። «ዕቃ ረስቻለሁ፤ ተመልሼ እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ።

አጎቴ ሱቅ ደንበኛ አልነበረም። ጋዜጣ ዘርግቶ ተቀምጧል። በሩ ላይ ስቆም ቀና አለና ጋዜጣውን አጠፈ።

«ማርሚታ!» አለ። «ፀጉር ነው ወይስ ወሬ?»

ወሬ ልል ፈልጌ «ፀጉር» አልኩ።

«ተቀመጣ! አሥራ አንድ ዓመት ያበላሹትን በአንድ ቀን ማቃናት ይከብዳል፤ ግን እንሞክራለን።» ጨርቁን አንገቴ ላይ አሰረ። እጁ የሳሙና ሽታ አለው። መቀሱ ጆሮዬ አጠገብ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። «እናትህ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ታውቃለች? እዚህ መምጣትህን?»

«አታውቅም።»

መቀሱ ቆም አለና ቀጠለ። በመስታወቱ ውስጥ አየው ነበር፤ አርጅቷል። የግራ ጎኔን ጨርሶ ወደ ቀኝ ሲዞር አሁን ካልተናገርክ መቼም አትናገርም አልኩ ለራሴ። አፌ ግን እምቢ አለ። ስለዚህ እጄን ከጨርቁ ሥር አውጥቼ መዳፌን ዘረጋሁ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ከፓምፑ ሥር ያወጣሁት ነው። ከሞተሩ። ውሃው መውጫ አጥቶ...» አልኩ። «ወደ ዘይቱ ነው የገባው፣ ጋሼ። መሬቱ ደረቅ የነበረው ለዚህ ነው።»

እንጨቱን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው። የማንን እጅ ሥራ እንደሚያይ አልነገርኩትም። መንገር አላስፈለገም። ወንበሩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ፤ ከዚያ ተነሣ፤ ደግሞ ቁጭ አለ።

«ሌላ ሰው እኮ አይደለም» አለ ለራሱ። «አማቼ ነው እኮ።» ቀጥሎም «ተነሣ» አለኝ።

ጨርቁን ከአንገቴ ሳይፈታልኝ ወጣ። በመንገዱ ላይ እኔ በግማሽ ፀጉር፣ እሱ መቀሱን በእጁ እንደያዘ ስንሄድ ሰው ዞሮ ያየን ነበር። ጎሚስታው ጎማውን ትቶ «ምነው፣ ልጁ ሳይከፍል አመለጠ?» ብሎ ጮኸ። አጎቴ አልሳቀም። እሱ የማይስቅበት ቀልድ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ደጃችን ላይ ሲደርስ እግሩ ቆመ። የበሩን ደፍ እንደ ወንዝ አየው። ከዚያ ተሻገረ። ሞተር ሳይክሉ ሥር ተንበርክኮ አንገቱን አዘነበለ። ጠብ። ጣቱን ቀዳዳው ሥር አድርጎ ጠበቀ። ሁለተኛው ጠብታ ጣቱ ላይ ወደቀ።

«አማቼ» አለ፣ ከመሬት ሳይነሣ። «ሞተርህ ያንጠባጥባል።»

አባዬ ከሳጥኑ ላይ ዘሎ ተነሣ። ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ፤ እጁ አየሩን ዳሰሰ፤ የሚይዘው አላገኘም።

«ልጁ ነገረህ?»

«እሱ መቼ ይናገራል? አሳየኝ እንጂ።» አጎቴ ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ ንጋት ምን ዓይነት እንቅልፋም ነው ባክህ!» ሊስቅ ሞክሮ ድምፁ መሃል ላይ ተሰበረ። «እህቴን እኮ ነው የቀማኸኝ። ብትሰድበኝ፣ ብትደበድበኝ ምን ነበረበት? ለእሷ ማን ነው የሚነግራት አሁን?»

«እኔ» አለ አባዬ።

«መቼ?»

አባዬ ሳይመልስ እማዬ በጓሮው በር ብቅ አለች። ድምፅ ሰምታ ነው። መጀመሪያ ያየችው የእኔን ራስ ነው። ግማሹ የተቆረጠ፣ በጆሮዬ ዙሪያ ጥርት ተደርጎ የተከረከመ። ልጅ ሆነን ፀጉራችንን ማን እንደዚያ ይከረክም እንደነበር ታውቃለች።

«ማነው የቆረጠህ?» አለች፤ ከዚያ ቀና ስትል ወንድሟን አየችው።

ማንም ሌላ ነገር ሳይናገር አባዬ ጀመረ። የተበላሸ ሞተር ለደንበኛ እንደሚያስረዳ ነው ያስረዳት። «ፓምፑ ሥር ቀዳዳ ነበረች። እንዳያንጠባጥብ ብዬ ደፈንኳት። ውሃው ዘይት ውስጥ ገባ፤ ሞተሩ የነከሰው ለዚህ ነው። ወንድምሽ አልዋሸም። መሬቱ ደረቅ ነበር። ያደረቅኩት እኔ ነኝ።»

እማዬ የበሩን መቃን ያዘች። «መቼ ነው ያወቅከው?»

«ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።»

አልጮኸችም። ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ?»

«ማክሰኞ» አልኩ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» አለች።

በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ውስጥ ገባች። ሦስታችን ቆመን ጠበቅን። የዕቃ ድምፅ የለም፣ የለቅሶ ድምፅ የለም። ስትመለስ አንድ ወንበር ተሸክማለች። ወንድሟ ፊት አስቀመጠችው። ተቀመጥ አላለችውም፤ ዓይኑንም አላየችው። እጇን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ግን ቶሎ አላነሣችም።

አጎቴ ወንበሩን አየ፤ እጇን አየ። ቢቀመጥ የሚያለቅስ መሰለኝ።

«አንተ ተቀመጥ» አለኝ እኔን። «እንዲህ ሆነህ ሰው ቢያይህ ስሜን ታጠፋለህ።»

ተቀመጥኩ። መቀሱ ቀኝ ጆሮዬ አጠገብ ጀመረ። አንድ ጊዜ ወጋኝ። «ዝም ብለህ ቁጭ በል፣ ጆሮህን እንዳልወስደው» አለ፤ እኔ ግን አልተነቃነቅኩም ነበር። እማዬ መቃኑን ተደግፋ የሚወድቀውን ፀጉር ታያለች። አባዬ አሁንም እንደቆመ ነው። በእግሩ ሳጥኑን ይፈልጋል፤ ሲነሣ ወደ ኋላ ገፍቶታል፤ የት እንዳለ የሚነግረው ሰው የለም።

«አሁንም ያንጠባጥባል?» አለ።

ትሪው ላይ የሚወድቀው ጠብታ ለሁላችንም ይሰማናል፤ ያንን የመሰለ ጆሮ ያለው ሰው እንዴት አይሰማውም? የጠየቀው ስለ ውሃው አልነበረም። አጎቴን ለማየት መስታወት የለም፤ እማዬን ቀና ብዬ ለማየት መቀሱ አይፈቅድም። ቀለበቱ ኪሴ ውስጥ ነው። የሚናገር ሰው ጠበቅኩ። ማንም አልተናገረም።

«አዎ፣ አባዬ» አልኩ። «ያንጠባጥባል። ሳጥኑ ከኋላህ ነው፤ ሁለት እርምጃ።»